ስፌት ጎማና ባለ ጠርዝ ጎማ፤ ለውድድር ብስክሌት መንኰራኵር ስለ መምረጥ



ባለፈው ሰሞን፣ ፀሓይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ የጎረቤቴ ልጅ ሁለት የብስክሌት መንኰራኵሮች በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ደጄ መጣ፤ ከአዲስ አበባ በዘመዱ እጅ ያስመጣቸው፣ ያገለገሉ ቢሆኑም ገና የሚያብረቀርቁ፣ ለውድድር የተሠሩ መንኰራኵሮች ነበሩና፣ ደስታውም ግራ መጋባቱም በአንድነት ፊቱ ላይ እየታየ፣ «ጋሼ፣ ቸርኬው ያምራል፤ ጎማው ግን አልያዝ አለኝ፤ አንዱን ወገን ሳስገባው ሌላው ይወጣል» አለኝ። እኔም አንደኛውን ተቀብዬ አውራ ጣቴን በቸርኬው ዙሪያ ባሳለፍሁ ጊዜ፣ ጣቴ ግራና ቀኝ የሚያቆመው ከንፈር ሳያገኝ፣ ጎርፍ እንደ ጠረበው ቦይ ለስላሳ በሆነ ጎድጓዳ ላይ ተንሸራተተ፤ በቦዩም ውስጥ የደረቀ፣ ቡናማ መልክ ያለው የአሮጌ ሙጫ ቅሪት ነበረ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጁ የገዛው ጎማ ለአንድ ዐይነት ቸርኬ የተሠራ ነው፤ ያስመጣው ቸርኬ ግን ለሌላ ዐይነት ጎማ ነው፤ ሁለቱም በሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ እንጂ እርስ በርሳቸው ፈጽሞ አይጋቡም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ነው።

በመጀመሪያ በየስማቸው እንለያቸው። አንደኛው ቱቡላር የሚባለው ነው። በዚህ ጎማ የውስጡ ካላማዳሪ በቀጭን የጥጥ ወይም የሐር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁም በሆዱ በኩል ዙሪያውን በክር ተሰፍቶ፣ በስፌቱ ላይ ሌላ የጨርቅ ጥብጣብ ተለጥፎበት፣ ድፍን ቀለበት ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ከቸርኬው ጋራ የሚያስተሳስረውም ሙጫ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ስፌት ጎማ እለዋለሁ። ሁለተኛው ክሊንቸር የሚባለው ሲሆን፣ ይህ በየሰፈራችን ባሉ ጎሚስታዎች ዘንድ ሁሉ የታወቀው፣ ሆዱ ክፍት የሆነ፣ በሁለቱ ጠርዞቹ ውስጥ ሽቦ ወይም የማይለጠጥ ጽኑ ክር የገባበት ጎማ ነው፤ ካላማዳሪው ለብቻው ገብቶ ሲነፋ ጠርዞቹን ወደ ቸርኬው ከንፈር እየገፋ ያስነክሳቸዋል። ይህንንም ባለ ጠርዝ ጎማ እንበለው።

መንኰራኵር የሚለው ቃል ለዛሬ ልጆች ወደ ጠፈር የምትተኰሰውን መርከብ የሚያስታውስ ቢሆንም፣ በመጻሕፍት ቋንቋ የሠረገላ እግር ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ ባየው ራእይ አንዱ መንኰራኵር በሌላው መንኰራኵር ውስጥ ሆኖ እንደ ተገለጠለት፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደግን ሁሉ ሰምተናል። እኔም የስፌት ጎማን ሆድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈትቼ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ተሰፍቶ ባገኘሁት ጊዜ፣ ያ የሕፃንነት ትምህርቴ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያ የሆነው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስፌት ጎማ የሚሄድ አሮጌ የውድድር ብስክሌት ገዝቼ፣ አንድ ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ። የዚያ ጎማ አካሄድ እስከ ዛሬ ከልቤ አልጠፋም፤ በደኅና አስፋልት ላይ ሲሄድ ድምፁ የነጠላ ጫፍ መሬት ሲነካ እንደሚሰማው ያለ ነበረ፣ የመንገዱም ትንንሽ ጠጠር ከመዳፌ ሳይደርስ እዚያው ጎማው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ነገር ግን እምብዛም ሳልርቅ የጠርሙስ ስባሪ ወግቶት ተነፈሰብኝና፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመልሼ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ጎሚስታ ሄድሁ። ወጣቱ እንደ ልማዱ የማንኪያ እጀታ አንሥቶ በጎማውና በቸርኬው መካከል መግቢያ ቢፈልግ፣ ዙሪያውን ቢያገላብጥ አጣ፤ ቀና ብሎም፣ «ጋሼ፣ ይህ ጎማ በር የለውም» አለኝ። «በሩ ተሰፍቷል ልጄ፤ መፍታት ነው» አልሁት።

ጎማውን ከሙጫው አላቅቀን፣ የሆዱን ጥብጣብ በቀስታ ገፍፈን፣ አየር የሚወጣበትን ቦታ በውኃ ሳሕን ውስጥ በአረፋው ለይተን፣ በዚያው አንጻር ስፌቱን አንድ ስንዝር ያህል ፈታነው። ካላማዳሪው ከውስጥ ሲወጣ እንደ ሽንኩርት ቆዳ የሳሳ ነበርና ጎሚስታው በጣቱ መካከል አሽቶ ተደነቀ። ቀዳዳው ከተለጠፈ በኋላ የቀረው መልሶ መስፋት ነው፤ ይህ ደግሞ የጎሚስታ ሙያ አይደለምና፣ ከመንገዱ ማዶ በጃንጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ተጠሩ። እሳቸውም ነገሩን በዝምታ አይተው፣ ከካርቶን ላይ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀድደው ካላማዳሪው ላይ ጋረዱና፣ ወስፌያቸው የተለጠፈውን መልሶ እንዳይወጋ በዚያች ጋሻ እየተከላከሉ፣ በሰም ያሹትን ክር በቀድሞው ቀዳዳ ብቻ እያሳለፉ ሰፉት። አንድም አዲስ ቀዳዳ አልከፈቱም። እጃቸውን ሳስበው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን አድማጮች፣ ማለዳ የተበሳ ጎማ እኩለ ቀን ሲያልፍ ነበር የተጠገነው፤ ገናም አልተጣበቀም። እኔ ደግሞ ለመሄድ ቸኩዬ የጫማ ማስቲሽ አንድ ጊዜ ቀብቼ ለጠፍሁትና፣ በማግሥቱ በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ከቸርኬው ተንሸራትቶ ጣለኝ። ጥፋቱ የጎማው አልነበረም፣ የእኔ ችኮላ ነበረ፤ የጉልበቴ ጠባሳ ግን አሁንም አለ።

ይህን ታሪክ የነገርኋችሁ፣ የባለ ጠርዝ ጎማ ልደት ከዚሁ ችግር የመነጨ ስለ ሆነ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ገደማ ጆን ዳንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፣ በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የተነፋ ጎማ ሠራ፤ ብስክሌት ከደረቅ ጎማ ንዝረት የተፈወሰበት ይህ ብልሃት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተስፋፋ፤ ጎማው ግን ከቸርኬው ጋራ የተጣበቀ ነበር። በ1889 አንድ ብስክሌተኛ እንዲህ ያለውን የተበሳ ጎማ ይዞ በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ፌራን ወደ ነበረው ወደ ሚሽሊን ወንድማማች ፋብሪካ በመጣ ጊዜ፣ መጠገኑ ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ሙጫው እንዲደርቅም ሌሊቱን መተው አስፈለገ፤ በማግሥቱ ኤድዋር ሚሽሊን ራሱ ሊሞክረው ወጥቶ ብዙ ሳይሄድ ጎማው እንደገና ተነፈሰበት። እንግዲህ ኤድዋር ከአየር ጎማው ምቾት አንዳች ሳይጐድል፣ መንገደኛው በራሱ እጅ፣ በመንገዱ ዳር፣ በጥቂት ደቂቃ ፈትቶ የሚገጥመው ጎማ ያስፈልጋል ብሎ ተነሣ። በ1891 ሻርል ቴሮን የተባለው ተወዳዳሪ በዚሁ በሚፈታው ጎማ ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ፈጽሞ አንደኛ ወጣ፤ ጎማው በመንገድ ሲበሳም እዚያው እየተጠገነ ነበር የሄደው።

እንዲህም ሆኖ የውድድሩ ዓለም ለብዙ ዘመን ወደ ስፌት ጎማ አዘነበለ፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ለስፌት ጎማ የሚሠራ ቸርኬ ጠርዝ የሚነክስበት ከንፈር ስለማያስፈልገው፣ በአንድ ዐይነት ብርታት ይበልጥ ቀላል ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ጎማውም ራሱን የቻለ ድፍን ቀለበት ነውና እስከ 8 ወይም 10 ባር ያለ ሥጋት ይነፋል፤ የቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ጥቂት ከፍ ቢል ነው። ብስክሌተኛው ሳያይ ጕድጓድ ውስጥ ቢገባ፣ ባለ ጠርዝ ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ከንፈሮች መካከል ተቈንጥጦ ካላማዳሪው በሁለት ቦታ ጐን ለጐን ሲበሳ፣ ስፌት ጎማ ግን ከሥሩ ስለት ያለው ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አየሩ በድንገት ቢወጣም፣ ሙጫው በወጉ የተቀባ እንደ ሆነ ጎማው ከቸርኬው ላይ ሳይወርድ ብስክሌተኛውን አረጋግቶ ያቆመዋል፤ በቍልቍለት ላይ ይህ ነፍስ የሚያድን ጠባይ ነው።

የአገራችንም የብስክሌት ታሪክ ከዚህ ጎማ ጋራ የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን፣ በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቿ ጋራ ገረመው ደንቦባ የነበሩበትን የብስክሌት ቡድን አሰልፋ ነበር፤ የጐዳናው ውድድር 188 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የውድድር ጎማ ሲባል ስፌት ጎማ ማለት ነበር። የዱሮ ተወዳዳሪዎች በፎቶግራፍ ሲታዩ፣ መለዋወጫ ጎማቸውን እንደ ዝናር በትከሻቸው አጣፍተው የሚታዩት ስለዚህ ነው። ከዚያ ስድሳ ዓመት ቈይቶ፣ ከትግራይ የተገኘው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ታላቅ ውድድር ከኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያው ሆኖ ሲወዳደር፣ በዚያ ውድድር ውስጥ ገና የስፌት ጎማ ሥልጣን አልተሻረም ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ተወዳዳሪ ጎማው ቢተነፍስ፣ እጁን ከፍ አድርጎ መንገድ ዳር ሲቆም ከኋላው የሚከተለው መኪና ደርሶ፣ መካኒኩ የተዘጋጀ መንኰራኵር በሰከንዶች ውስጥ ይለውጥለታል፤ የተበሳው ጎማ የመካኒኩ የማታ ሥራ ይሆናል እንጂ የእርሱ ጭንቀት አይደለም። እኔ ዛሬ ከሁሉ አብልጬ ልናገር የምሻው ይህንኑ ነው፦ ስፌት ጎማ ለብቸኛ ሰው የተሠራ አይደለም፤ ከኋላው መኪና፣ መካኒክና ትርፍ መንኰራኵር ላለው ሰው የተሠራ ነው። ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና በዝናብ የሚመለስ ወጣት ከኋላው የሚከተለው ምናልባት ባጃጅ ነው።

በዚያ ላይ ስፌት ጎማ ይፈጥናል የሚለው የቈየ እምነት በምርምር ተናውጧል። ጎማዎች በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ተደርገው የሚበሉት ኀይል ሲለካ፣ ጥሩ ባለ ጠርዝ ጎማ ከቀጭን ካላማዳሪ ጋራ ሲሆን ከስፌት ጎማ ጋራ እኩል፣ አንዳንዴም የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ከስፌት ጎማ ሥር ያለው ሙጫ ራሱ በየዙሩ እየታሸ ከብስክሌተኛው ጉልበት ጥቂት ይወስዳልና። የክብደቱም ልዩነት በጥንድ መንኰራኵር ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ ይህም በብስክሌቱ ላይ ከሚሰቀለው ግማሽ ሊትር ውኃ ክብደት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በእነዚህ ባለፉት ዓመታት ታላላቆቹ ቡድኖች እንኳ ስፌት ጎማን እየተዉ፣ ወይ ወደ ባለ ጠርዙ፣ ወይ ያለ ካላማዳሪ በፈሳሽ መድኀኒት ቀዳዳውን ራሱ ወደሚደፍነው ወደ ሦስተኛው ዐይነት ሄደዋል። በርካሽ ዋጋ ያገለገለ የስፌት መንኰራኵር ገበያ ላይ የሚታየውም፣ እንደ ጎረቤቴ ልጅ ያለውን ወጣት የሚያታልለውም ስለዚህ ነው።

የአገራችንን መንገድ ደግሞ እንመልከት። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ የሐምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር አልፎ በከምባታ ላይ ይቆማል፤ ከእነዚህ ከፍታዎች ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ወደ ሐላባ ቁሊቶ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ብዙ ይይዛል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ዐይነት ከሆነ፣ የቍልቍለቱ ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ ቸርኬው ይገባል፤ ሙቀቱም የስፌት ጎማን ሙጫ ያለሰልሳል፣ የባለ ጠርዝ ጎማን አየር ደግሞ ያስፋፋል። በፈረንጆች 2003 ሐምሌ ወር፣ በቱር ደ ፍራንስ ወደ ጋፕ ከተማ በሚያወርደው ቍልቍለት ላይ፣ የአስፋልቱ ሬንጅ በፀሓይ በቀለጠበት ቀን፣ የስፔኑ ጆሴባ ቤሎኪ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶበት ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል፤ እርሱ ያን ጊዜ ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር፣ ጎማውንም የለጠፉለት ሙያተኞች ነበሩ። እንግዲህ በስፌትም ሂዱ በባለ ጠርዝ፣ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ ይዞ ከመውረድ ይልቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ውረዱ። በሳሳ ካርቦን የተሠራ ባለ ከንፈር ቸርኬም በሙቀት ሊጣመም ይችላልና፣ ለእኛ ተራራ አሉሚኒየሙ ይሻላል።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየቀበሌው መጋቢ መንገድ ጠጠሩን ወደ አስፋልቱ ያወርዳል፤ በቆላው ወገን ደግሞ የግራር እሾህ አለ። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ስፋቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ጠርዝ ጎማ ይመስለኛል፤ 23 የነበረው የቀድሞው ልማድ ለለሰለሰ ጐዳና ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ለሚሆን ሰው በዚህ ስፋት 5 ባር ተኩል ያህል ይበቃዋል፤ ጎማውን እንደ ድንጋይ ማጠንከር ፈጣን ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ በሻካራ መንገድ ላይ እውነት አይደለም፣ ብስክሌቱን ያዘልለዋል እንጂ። በእጅ ስትነፉ ደግሞ አትሰልቹ፤ በደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፣ በባሕር ዳርቻ 10 ምት የሚበቃው ጎማ በሆሳዕና 13 ምት ያህል ይጠይቃል። ወደ ጎሚስታ ከሄዳችሁም ሁለት ነገር አስቡ፦ የውድድር ጎማ ቫልቭ ቀጭን ነውና ከመኪና ኮምፕሬሰር ጋራ የሚያገናኘውን ትንሽ የነሐስ አፍ በኪሳችሁ ያዙ፤ ኮምፕሬሰሩም ለከባድ መኪና የተሠራ ነውና በአንድ እስትንፋስ ጎማውን እንዳያፈነዳ፣ ባጭር ባጭሩ እንዲለቀቅ ለሠራተኛው ንገሩት።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ እኔ ግን ስፌት ጎማን እወድዳለሁ የሚል ቢኖር አልቃወመውም፤ ስሜቱን አውቀዋለሁና። እንግዲያው ሥርዐቱን ይፈጽም። አዲሱን ጎማ በመጀመሪያ ያለ ሙጫ በደረቅ ቸርኬ ላይ ጠምዶ፣ ነፍቶ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድረው፤ ያን ጊዜ ይለጠጥና በኋላ እጅ አያስቸግርም። ቸርኬውን ከቅባትና ከአሮጌ ሙጫ ቅርፊት አጽድቶ፣ ለዚሁ የተሠራውን ሙጫ፣ የጫማ ማስቲሽ ሳይሆን፣ በቸርኬውም በጎማው ጥብጣብም ላይ በስሱ ይቀባ፤ ይድረቅ፤ እንደገና በስሱ ይቀባ፤ ይድረቅ። ለመጨረሻ ጊዜ ቸርኬውን ቀብቶ ሙጫው ጣት ሲነካው ገና የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ ከቫልቩ ጀምሮ በሁለት እጁ ወደ ታች እየሳበ ያልብሰው፣ ዙሪያውን አቃንቶ ይንፋው፣ አንድ ሙሉ ቀንም ሳይነዳ ይተወው። ከዚያም ከቤት በወጣ ቍጥር አየሩን ጥቂት አጕድሎ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ወደ ጐን ገፍቶ፣ ከቸርኬው ጋራ ክፍተት የሚያሳይበት ቦታ እንደሌለ ይይ። በኮርቻው ሥርም አስቀድሞ የተቀባ ትርፍ ጎማ ታጥፎ ይታሰር፤ ይህም ትርፍ ወደ ቤት ለመመለስ ብቻ ነው፣ በእርሱ ጠመዝማዛ ላይ አይፈጠንም።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። መንኰራኵሮቹን ጓሮው እንሰት ሥር ተቀምጠን መረመርናቸው፤ እምብርታቸው ሲሽከረከር እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ሽቦዎቻቸውም በየመንኰራኵሩ 32 ሆነው አንዱም አልዛገም። ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ አልጠፋም፤ በያንዳንዱ ላይ 32 ቀዳዳ ያለው ባለ ከንፈር ቸርኬ ተገኝቶ፣ የሽቦዎቹ ርዝመት እንደሚስማማ ተለክቶ፣ በዚያው እምብርት ላይ እንዲጠለፍ ተስማማን። በሳምንቱ አዲሶቹ ቸርኬዎች ገቡ፤ እርሱም በዚያው በባለ ጠርዝ ጎማው አንጋጫ ደርሶ ተመለሰ። አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ግን ታናሽ ወንድሙ ወስዷቸዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀይ አፈሩ መንገድ ላይ አንዱን በእንጨት እየገፋ ሲሮጥ አየዋለሁ፣ እንጨቱም ለሙጫ በተሠራው በዚያ ለስላሳ ቦይ ውስጥ ገብቶ ከቶ አይስተውም።